ስለ ተኩላ ሰዎቹ ጅራት

አዋጅ! በፈጠርነው ጨዋታ ውስጥ የሚገኙት የተኩላ ሰዎች ጅራት ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ክንድ አጥሯል።

ዑበይዱላህ፣ ሌላውን ሕጋቸውን ግን እንዳትሰርዝብኝ። ከመንጋው አንዱ ከጠፋ፣ ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ኃይላቸው አይሠራም። አንተ «እንዲህ ልፍስፍስ ከሆኑ የትኛው ተጫዋች ይመርጣቸዋል?» ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ ሳታሞቀው እንዳትበላ።
ዝናብ ከመጣ ባልዲውን አልጋዬ ላይ አድርግ።

የእኅቴ የሰሚሃ ስልክ ጅዳ ላይ ከተዘጋ ከረመ። ወላሂ፣ መቀመጥ አቃተኝ። ደላላው በባቲ በኩል ወስዶ ባሕሩን ሊያሻግረኝ ነው። «ደርሰህስ በምን ታገኛታለህ?» ሲለኝ የተዘጋውን ቁጥሯን አሳየሁት።

እናቴ ከውጫሌ ከደወለች፣ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘ በላት። ስላስዋሸሁህ አፉ በለኝ።

ተከትለኸኝ እንዳትመጣ።
ለምን ብትል፣ አልነግርህም።

ማህዲ