ከሁለት መቶ አርባ በታች

ማክሰኞ

ማታ ማታ አምፑሉ ሲደክም ፍሪጁ ለምን እንደዚያ ያቃስታል? እዚህ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ውስጥ ይህን ያልጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ምድጃውንና ካውያውን ሲሰካ ስቲማው፣ እዚህ መብራት ኃይልን እንደሚሉት፣ ይሳሳል። አምፑል ቢደበዝዝ ምንም አይሆንም። ሞተር ግን ቮልቴጁ ሲያንሰው መነሳት ያቅተዋል፤ እየታገለ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ የተጠመጠመው ሽቦ ይቃጠላል። ስለዚህ ኃይሉ ሲወርድ ቀድሞ የሚቆርጥለት ነገር ያስፈልገዋል።

ሠራሁት! ትንሽ ትራንስፎርመር፣ ኃይሉን የሚቆርጥ ሬሌ፣ ትራንዚስተር፣ አሮጌ የሬዲዮ ሳጥን። ከተመረቅሁ ወዲህ እጄ ከሰሃን ማጠብ ሌላ የሠራው የመጀመሪያ ነገር።

የሚገጠመው የእትዬ አልማዝ ፍሪጅ ላይ ነው። እትዬ የያሬድ እናት ናቸው፤ እኔን ቤታቸው ያስጠጉኝ የልጃቸው የክፍል ጓደኛ ስለሆንኩ ነው። ያሬድን ደርግ አዲስ አበባ ላይ ገደለው። መርዶው በሞያሌ ነጋዴ በኩል ደረሰን። የሞተበትን ቀን የሚያውቅ ስለሌለ አርባውን ከመርዶው ቀን ቆጠርን፤ ቅዳሜ ይውላል። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። ለእትዬ የቀራቸው ይህ ተዝካር ብቻ ነው። ለተዝካሩ የሚታረደው በግ ሥጋ እስከዚያ ሳይበላሽ መቆየት አለበት።

እኔስ በምን ስሜ ላልቅስ? "የክፍል ጓደኛ" ተብሎ ደረት አይመታም። ፍቅራችንን ለማንም ሳንናገር ነው የተለያየነው።

ረቡዕ

ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ሁለት በግ አርደው ሥጋውን አመጡ። ሳጥኔን ግድግዳው ላይ ሲያዩ፣

"ኢንጂነሯ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው? ዜና ይናገራል?"

"የሚናገረው ስቲማው ሲታመም ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ሌት ተቀን ሊለፈልፍ ነዋ!"

እትዬ እንኳ ፈገግ አሉ። መርዶው ከመጣ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ማምሻውን መብራቱ ደከመ። ፍሪጁ አቃሰተ። ሬሌው ግን አልቆረጠም። እንግዲያው ቮልቴጁ ብዙም አልወረደም ማለት ነው አልኩ፤ መሣሪያዬ አይቶታል፣ አላሰጋውም። ሐሳቤ ወዲያው ዌስትላንድስ ሄደ። ይህን ሳጥን ይዤ እዚያ ካሉት ወርክሾፖች አንዱ ደጅ ሥራ ልጠይቅ ስቆም፣ "ይሄን ማን ሠራው?" ሲሉኝ፣ "እኔ" ስል።

ሐሙስ

ተቃጠለ።

ጠዋት ወጥ ቤቱ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። ፍሪጁ ዝም ብሏል። ሬሌው ግን አሁንም አልቆረጠም፤ ታዛዥ ሆኖ ኃይል ያቀብላል፣ ለሬሳ።

ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ ጀርባው ላይ ቮልቴጁ የተጻፈባትን ቆርቆሮ አነበብኩ። 240።

እኔ ሬሌውን በሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ያስተካከልኩት ከሁለት መቶ ሃያ፣ ከአገር ቤቱ ቮልቴጅ፣ ተነስቼ ነው። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ከያሬድ ጋር ሁልጊዜ እንደምናደርገው፦ ሰማንያ አምስት በመቶ፣ መቶ ሰማንያ ሰባት። አላሰብኩም፣ አልጠየቅሁም፤ እጄ ራሱ አዞረው። የናይሮቢ ስቲማ ግን 240 ነው፤ ሞተሩም ለዚያ ነው የተጠመጠመው። ሁለት መቶ አራት ላይ መቆረጥ ነበረበት። ትናንት ማታ ምናልባት መቶ ዘጠና ነበር፤ ለኔ ሳጥን ደህና፣ ለሞተሩ ሞት። እኔ ድንበር ተሻግሬያለሁ፣ እጄ ገና አራት ኪሎ ነው።

ለእትዬ ነገርኳቸው፤ ቁጥሩን ሳይቀር። ሳይቆጡ ሰሙኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ለልጄ አንዲት ነገር እንኳ ሳትበላሽ አትደርስለትም?" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሥጋው ገና ደህና ነው። ጋሽ ተፈራ ወደ ራሳቸው ፍሪጅ አዛወሩት። "ያንን ሳጥን ግን ደጄ እንዳታደርሺው!"

"ጋሼ፣ ያለሱ እኮ የእርስዎም..."

"የኔን እግዜር ይጠብቀዋል። እስከዛሬስ ማን ጠበቀው?"

እትዬ ከነጠላው ውስጥ ተናገሩ፦ "ያሬድም የአባቱን ሬዲዮ አቃጥሎ ነው የተማረው። ትግጠም፣ ተፈራ።"

ያንን ታሪክ አላውቀውም ነበር። ስለሱ ገና ያልሰማሁት በመኖሩ ደስ አለኝ። ከዚያ ከሱ አፍ እንደማልሰማው ትዝ አለኝ።

ማስተካከያውን ሁለት መቶ አራት ላይ አደረግሁ። ለካሁ። እንደገና ለካሁ። የጋሽ ተፈራን ፍሪጅ ቆርቆሮም ሄጄ አነበብኩ። 240።

ቅዳሜ ጠዋት

ለቀስተኛ ሳይመጣ የትናንቱን ልጻፍ።

ማምሻውን በጋሽ ተፈራ ወጥ ቤት ነበርን፣ ሦስታችን። አምፑሉ ቀላ። ፍሪጁ አንዴ አጉረመረመ፣ ሬሌው ቀጭ አለ፣ ከዚያ ጸጥታ።

"ገደለችው!" ጋሽ ተፈራ ብድግ አሉ። "አላልኩም? የኔንም ገደለችው!"

"አልሞተም ጋሼ። ኃይሉ እስኪስተካከል አርፎ ነው።"

እትዬ እጃቸውን ፍሪጁ ላይ ጫኑ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው። ጠበቅን። አምፑሉ ደመቀ። ፍሪጁ ግን ዝም።

"ይኸው፣ ስቲማው መጣ! የታለ ታዲያ?" ጋሽ ተፈራ ሶኬቱን ሊነቅሉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ እንዳይነሳ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ካልረጋ ሞተሩ ከብዶት ይጎዳል። ይህን ለማስረዳት ጀመርኩና ሬሌውን አየሁት። ሌላ ሳላስበው የሠራሁት ስህተት ቢኖርስ?

ቀጭ። ሞተሩ ለስለስ ብሎ ተነሳ።

"እሰይ! እሰይ ኢንጂነሯ!" ጋሽ ተፈራ ትከሻዬን መቱኝ። እኔም ልስቅ ነበር። እትዬ ግን እጃቸውን አላነሱም። ንዝረቱን በመዳፋቸው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

"ይሄስ ተመለሰ" አሉኝ።

ያልተመለሰው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አሁን ሥጋው እየተከተፈ ነው፤ ደህና ነው፣ ሽታ የለውም። እትዬ ሽንኩርት እየላጡ ቀና ብለው ያዩኛል፤ የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስለኛል። እናት እንዲህ ስትል ምን ይባላል? የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ፣ ንገሩኝ።