ዳቦ ላይ የሚቆም ወጥ

ለውድ እህቴ ለባህሪያ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጂዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እመቤትሽስ አሁን በጊዜ ታስተኛሻለች ወይስ ያው ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከቴፒ ጭቃ በቀር የሚያስቸግረን የለም። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ዙሌይካ ናት፤ እማዬ የቋጠረችልሽን ኮረሪማም ተቀበያት።

የከፈትኳት ምግብ ቤት እስከ ረመዳን ካልሆነችልኝ እኔም ወዳንቺ እንደምመጣ የሰማሽ ቀን በስልክ ያለቀስሽው ከጆሮዬ አልወጣም። ልጄን አፍናንን ማን ያሳድግልኛል ነበር ያልሽው። አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ የምሥራች ነው።

ለእመቤትሽ ልጆች በርገርና ሆት ዶግ ላይ የምታደርጊውን፣ ቺሊ የሚሉትን የሥጋ ማባያ እንደነገርሽኝ ሠራሁ፤ ሽንኩርት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ ሳልሳ፣ በርበሬ። ሆት ዶጉን ተይው፤ ቋሊማ እዚህ አይገኝም፤ ደግሞ ወንድማችን ሻሚል ስሙ ትኩስ ውሻ ማለት ነው ብሏት እማዬ ውሻ በቤቴ ብላ ልታባርረን ነበር! በርገሩን ብቻ ጀመርኩ።

ግን እኔ ጅሏ፣ ወጥ የለመደ እጅ መቼ ያርፋል! መረቅ ያነሰው ወጥ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር መስሎኝ ሁለት ጆግ ውሃ ቸለስኩበት። የመጀመሪያው ቀን ከዩኒቨርሲቲው አሥራ አንድ ተማሪ መጣ። ዳቦው ራሰ፣ ተበጣጠሰ፣ መረቁ በክርናቸው ወረደ። ጀይላን የሚባል ተመራቂ ለፎቶ የለበሰው ነጭ ሸሚዝ በርበሬ በበርበሬ ሆነ። እንጀራ ብታመጪልኝ ይሻል ነበር ሲለኝ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። በሳምንቱ ከዝንብ በቀር የሚገባ ጠፋ፤ ጂዳ ልላክሽ ለሚለኝ ደላላ እሺ አልኩት።

እማዬ ይህን ስትሰማ ገበያ የዘረጋችውን እርድ ትታ መጣችና ድስቱን ቀመሰች። ጣዕሙ ደህና ነው፣ ያጠፋሽው ውሃው ላይ ነው አለችኝ። ቦሎቄውን ግማሹን ደፈጠጠችው፤ ያለ ክዳን በቀስታ እሳት ላይ፣ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ አቆየችው። ሲወርድ ኮረሪማ ነሰነሰችበት። ከዚያ ማማሰያውን መሃሉ ላይ ሰካችው። ቀጥ ብሎ ቆመ!

ጀይላንን አስጠርቼ በነፃ አበላሁት። ሸሚዙን በእጁ ሸፍኖ ነው የበላው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በማግስቱ ጓደኞቹን አግተልትሎ መጣ። ክርስቲያኖቹ የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ በሌላ ድስት ቦሎቄውን ብቻ በዘይት እሠራላቸዋለሁ፤ በዳቦ ይበሉታል፣ ለረቡዕና ዓርብ ጾማቸውም ይሆናል። አሁን ሁለቱም ድስት የዙህር ሶላት ሳይደርስ ያልቃል። ምን ልበልሽ፣ ከትከሻዬ ላይ ድንጋይ ወረደ።

ትናንት ደላላው ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ ብሎ ደወለ። ድስት ጥጃለሁ፣ አልመችም አልኩት። እማዬም ፓስፖርቱን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።

እማዬ ዱዓ ታደርግልሻለች። ሻሚል ሰላም ብሎሻል፤ ስልክሽን አትዝጊ ይላል። አፍናን ደግሞ ሁለት ጥርሷ ወልቋል። ይህን ሁሉ ጊዜ ማታ ማታ ቀሚሴን ጨብጣ ነበር የምትተኛው፣ ተነስቼ እንዳልሄድባት። ፓስፖርቱ ከተቆለፈበት ከሐሙስ ጀምሮ ግን ለቀቀችኝ፤ እጇን ዘርግታ ትተኛለች።

እህትሽ ሐፍሳ
ቴፒ፣ ሰኔ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.