አንባቢ ያዋጣላቸው ፈረሶች

ጥር 14፣ ጧት

የፈረሳችንን የዳማን ቁስል በጨው ውኃ አጠብኩ። ቆሞ ቻለኝ። ጭዱ እየሳሳ ነው። የፈረሶቹ ጠባቂ አያ ምናለ ከላህ ወንዝ ውኃ ያመላልሳሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የጀመሩት።

በሩ ላይ ደግሞ አንድ ፈረስ ታስሮ አገኘን። አምባላይ፣ ነጭ። ጀርባውን የጋሪ ጠፍር ልጦት ሥጋው ይታያል። ባለቤቱ የለም፤ አስገባነው። ገመዱ አዲስ ነው። ለሚጥለው ፈረስ አዲስ ገመድ ገዛለት? ደብተሬ፣ ይህን አሁን ማሰብ አልችልም። ደወሉ ሊደወል ነው። 6ኛ ሐ ይጠብቀኛል።

ከሰዓት

ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ የፈረሶቹ ግቢ እንዴት እንደተጀመረ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ላንቺም ልጻፈው፤ ሰሞኑን ራሴም እየረሳሁት ነው።

ጋዜጣችን ሁለት ቅጠል ናት። እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሽ ደሴ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቃቸው ውስጥ ያባዛሉ። ግጥም፣ የእርሻ ምክር፣ የከተማ ወሬ። አምና ባጃጅ ፍኖተ ሰላም ሲገባ ጋሪ ነጂው ፈረሱን አስፋልት ላይ እየፈታ መልቀቅ ጀመረ። ያረጀውን፣ የቆሰለውን፣ ያነከሰውን። ቀን መኪና፣ ሲመሽ ጅብ። ስለ አንዱ ጻፍኩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አልኩት። በቡሬ መንገድ ዳር በሦስት እግሩ ቆሞ ነበር። ሰው ባለፈ ቁጥር ጆሮውን ያቆማል፣ ሊወስዱኝ ነው ብሎ።

እትሙ በወጣ በሳምንቱ ሰዎች ጋሽ ደሴ ሱቅ እየገቡ ስሙኒ፣ ሃምሳ ሳንቲም፣ አንዳንዱም ብር አስቀምጠው ሄዱ። የለመናቸው የለም። ከቡሬ መጣ። ከመራዊ ሳይቀር። በዚያ ነው ላህ ዳር ይህን ግቢ የተከራየነው፣ ቦራን ያስገባነው፣ አያ ምናለንም የቀጠርነው። አያ ምናለ ዕድሜ ልካቸውን ጋሪ ነድተዋል። የራሳቸው ፈረስ ሲሞት ሌላ አልገዙም። ለምን ብዬ ጠይቄአቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየእትሙ ቦራ አለ። ቦራ ቆመ። ቦራ እግሩን ረገጠ። ቦራ ሮጠ። አንባቢ ቦራን ይወዳል። እኔም።

ጥር 21

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። አንዷ የመዋጮ ሳጥናችን እዚያ ሻይ ቤት ነው ያለችው። ሳጥኗን ስከፍት አንዲት ሴት ቀረቡኝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትሕትና። የፈረስ ጡረታ ቤት ከፈታችሁ አሉ፣ እግዜር ይስጣችሁ አሉኝ። ባላቸው ጋሪውን ሊሸጥ ነው። ፈረሱን መቼ እናምጣው?

ታሟል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። የለም፣ ደህና ነው። አርጅቷል ወይ? የለም። ታዲያ? ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። ካልሠራ ማን ያበላዋል፣ እናንተ አላችሁ ብለን እኮ ነው አሉ።

አይሆንም አልኳቸው። ቅር ሳይላቸው መርቀውኝ ሄዱ። ቅር ቢላቸው ይሻለኝ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ሙሉውን መንገድ አፌ መረረኝ። ዱሮ ፈረሱን የሚለቅ ሰው ቢያንስ ዞር ብሎ ያይ ነበር፣ ያፍር ነበር። አሁን ማፈር ቀረ። ያስቀረሁት እኔ እሆን? የአምባላዩ ገመድ አዲስ የሆነው ለዚያ ነው? የሚጥለው መስሎት አይደለም፣ አደራ የሚሰጥ መስሎት ነው።

ጥር 29

የቦራ የኋላ እግር አብጧል። ትንንሽ እባጮች፣ ገመድ ላይ እንደ ተቋጠረ ቋጠሮ ተራ በተራ። አንዱ ፈርጦ መግል ያወጣል። ዳማም አንገቱ ላይ ሁለት አለው። የአምባላዩ ደረት በሙሉ እንዲያ ነው፤ ከጀርባው ቁስል ጋር አምታትተነው ኖሯል።

አያ ምናለ አዩ። ዝንቡን በቅጠል ብቻ አባረሩ።

የካቲት 2

ይበልጣል መጣ። የእንስሳት ሐኪም ነው፣ ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ ዛሬም ሲያየኝ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። ሁሉንም ፈረሶች ዳሰሰ። ቦራ ጋ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ እጁን በሳሙና ሲታጠብ ቆየ። ገባኝ።

በሽታው ይተላለፋል። በዝንብ፣ በጠፍር፣ በምናጥብበት ጨርቅ። መድኃኒቱ እኛ አገር የለም። አምባላዩ ይዞት የገባ ይመስለዋል። ሦስቱ መወገድ አለባቸው፣ የቀሩት አምስት ደግሞ ክረምቱ እስኪያልፍ ይታያሉ። እስከዚያ ከዚህ ግቢ ፈረስ አይወጣም፣ ፈረስ አይገባም።

መወገድ ማለት ምንድነው አልኩት፣ እያወቅሁ። ቀስ ብሎ ደገመልኝ። ልጅ እንደሚያስረዳ።

የምናጥብበት ጨርቅ አንድ ነበር። ለሁሉም። እኔ ነኝ ያጠብኩት።

አያ ምናለ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አምኖን ነው የመጣ።» ስለ ቦራ ነው። ከዚያ አካፋ ሊፈልጉ ወጡ።

የካቲት 3

ጋሽ ደሴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። ከልባቸው አዘኑ፤ ዓይናቸው ረጥቧል። ግን እንዳትጽፊው አሉኝ። ሰው የሚያዋጣው ለቦራ ነው፣ ቦራ ከሞተ ለአምስቱም የሚሰጥ አይኖርም።

«ቦራ ይኑር። ወረቀት ላይ መኖር ምን ያስከፍለዋል?»

ተሰናብቼ ወጣሁ። የሚያስጠላኝ ነገር፣ ደብተሬ፣ እቤት እስክደርስ የሚቀጥለውን ጽሑፍ በሐሳቤ ጀምሬው ነበር። ቦራ ላህ ወንዝ ወርዶ ውኃ ሲጠጣ። እንዴት እንደሚያምር። ለተማሪዎቼ የማነበው ዓይነት።

የካቲት 5

አለቀ።

ጉድጓዱን አያ ምናለና ሁለት የቀን ሠራተኞች ቆፈሩት። መሬቱ ደርቋል፣ ድንጋይ ነው። መጀመሪያ አምባላዩ። ይበልጣል መርፌውን ሲወጋው ቶሎ ወደቀ። ዳማ አስቸገረ፣ እኔ አንገቱን ያዝኩለት፤ ቁስሉን ሳጥብለት የለመደው እጅ ስለሆነ ቆመ። በለመደው እጅ።

ይበልጣል ሲመጣ ቦራ ጆሮውን አቆመ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የካቲት 12

ጻፍኩት። ሁሉንም። በሽታውን፣ ጨርቁን፣ መርፌውን፣ ጉድጓዱን። ፈረስ እንዳታመጡብን፣ በሩ ተዘግቷል፣ ያመጣችሁት ሁሉ ይታመማል ብዬ ጨረስኩ። ጋሽ ደሴ አነበቡት። ማባዣውን ራሳቸው አዞሩት፤ ቀለሙ ግን ደብዛዛ ወጣ። ሆን ብለው ነው ልል አልፈልግም።

የካቲት 24

የጋሽ ደሴ ሱቅ ሳጥን ስትነቀነቅ ድምፅ የላትም። የቡሬዋም እንዲሁ። የሻይ ቤቱ ሰውዬ ቦታው ይፈለጋል ውሰጅልኝ አለኝ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ በሐዘኔታ ሰላም ይለኛል፣ ዘመድ እንደሞተባት። አንዲት መምህርት ሰው እየተራበ ለፈረስ ስትሉ እግዜር አይቷችሁ ነው አለችኝ፣ ቡና ቤት፣ ሁሉ እየሰማ። ለክርክር አቅም የለኝም።

ሌላውን ሁሉ እችላለሁ። ያቺን የ6ኛ ሐ ልጅ ነው ያልቻልኳት። ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ መርፌው የተገዛው እኔ በሰጠሁት ሳንቲም ነው ወይ?

አይደለም አልኳት። ደብተሬ፣ ነው።

መጋቢት 3

እንግዳ መጣልን። ፈረስ ቤት ከምትባለው ከተማ፣ ከደጋ ዳሞት፤ መሪጌታ ናቸው፣ የቅኔ መምህር። ጋዜጣዋ ለተማሪዎቻቸው ዕቃ ተጠቅልሎባት ደርሳቸው አነበቧት፤ የተረፉት አምስቱ ጤነኛ መስለዋቸዋል። ለደብሩ ሰው ነገሩ፣ ተመካከሩ። እኛ አገር ፈረስ አይጣልም፣ ቁልቁለቱና ዳገቱ ያለ ፈረስ አይገፋም፣ ሣሩም አለን፣ አምስቱንም ስጡን አሉ። አምስት ቤት ተገኝቷል። ከየቤቱ ማን እንደሚወስድ እንኳ በስም ነገሩኝ።

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ነው ይበልጣል ያለኝ ትዝ ያለኝ። ፈረስ አይወጣም።

የዳሞት ፈረስ ሁሉ ሊያዝ ይችላል። በዚያ ዳገት እህል የሚወጣው፣ በሽተኛ የሚወርደው በፈረስ ነው። ካምስቱ አንዱ ብቻ በሽታው ውስጡ ቢኖርበት?

ነገርኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። መሪጌታ አጥሩን ተደግፈው ፈረሶቹን ብዙ ጊዜ አዩ። አልነኳቸውም። ከዚያ፣

«ከፈረስ ቤት ተነሥቼ፣ የፈረሰ ቤት ደረስኩ» አሉ።

ለመውጋት አይደለም፣ አዝነው ነው። ላህ ወርደው እጃቸውንም እግራቸውንም ታጥበው፣ ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ። ያን ሁሉ መንገድ።

ካገኘነው ሁሉ አንዱ ጥሩ ነገር እሱ ነበር። በእጄ መለስኩት።

መጋቢት 9፣ ጧት

በሩ ላይ ፈረስ።

ቀይ፣ ወፍራም፣ ጤነኛ። ጋማው ተበጥሯል። ሳየው አወቅሁት፤ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። የጋሽ ደሴ ፈረስ ነው። የጋዜጣዋን ወረቀት ከመናኸሪያ የሚያመጣው እሱ ነበር።

አያ ምናለ ወደ ውስጥ አላስገቡትም። ከግቢው ርቀው ዋርካው ሥር አሰሩት። እኔ ሱቅ ሄድኩ።

ጋሽ ደሴ አልካዱም። ልጃቸው ባጃጅ አውጥቷል፣ ፈረሱ የሚቆምበት ቦታ አሁን የባጃጁ ነው። በሩ መዘጋቱን እኮ ራስዎ ነዎት ያባዙት አልኳቸው። እሱ ለሌላው ነው አሉ። ተቆጥተው አይደለም። በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር፣ እንደዚያች የቡሬ ሴትዮ።

«ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እኔም ከትቻለሁ። ለዚህ አይደል ያዋጣነው?»

ይታመምብዎታል አልኳቸው። ከታመመም እንደሌሎቹ ይሁን፣ ካንቺ የሚሻል እጅ አያገኝም አሉኝ። ይህን ያሉት አክብረውኝ ነው። ወጥቼ አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

10 ሰዓት ላይ

ት/ቤት ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ፣ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። ግቢ ስመለስ ፈረሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም። አያ ምናለ ሣር አጭደው ሰጥተውታል፣ አልቀመሰም። ከተማውን ነው የሚያየው።

ካስገባሁት ይታመማል። ካላስገባሁት ጅብ አለ። ይበልጣልን ልጥራው? ለጤነኛ ፈረስ? ሥቃይ እንዳያይ ብዬ? አንድ ጊዜ ይህን ካልኩ ነገም እላለሁ፤ ደህና ፈረስ እያሳመሩ ያመጡልኛል፣ እኔ ደግሞ እጄ ላይ እያስለመድኩ።

አያ ምናለን ምን ይሻላል አልኳቸው። «እኔ የኔን ፈረስ ለማንም አልሰጠሁትም፣ እቤቴ ነው የሞተ፣ ራሱን ይዤለት» አሉ። ሌላ ያልገዙት ለዚያ ነው። ሁለተኛ ራስ መያዝ ፈርተው።

ዛሬ ገበያ ነው፤ ሰው አልተበተነም። ፈረሱን ገበያው መሐል አድርጌ እወስደዋለሁ። ገመዱን እኔ ነኝ የምይዝ፣ አያ ምናለ አይደሉም። ሰው ያያል፣ ይጠይቃል፣ የማን ነው ይላል፤ የማን እንደሆነ እናገራለሁ። ጋሽ ደሴ በር ላይ፣ ከባጃጁ አጠገብ አስረዋለሁ። ይቆጣሉ። ጋዜጣዋም በዚሁ ታበቃለች፣ ማባዣው የሳቸው ነው። አምስቱን ክረምቱ እስኪያልፍ በደሞዜ እቀልባለሁ፤ እስከየት እንደሚያደርሰኝ አላውቅም። ያመጡብኝን ሁሉ ግን ከእንግዲህ ወዳመጣው ሰው በር እመልሳለሁ፣ በቀን፣ ሰው እያየ።

ቢፈቱትና ቢመልሱትስ ይላሉ አያ ምናለ።

ደግሜ እወስደዋለሁ።