ስልክህን ያልጻፍኩበት ድረ ገጽ

ውድ ወንድምዓለም፣

ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ እማዬ መድኃኒት አውርቼ ዘጋሁት። ድምፅህን ስሰማ ወኔ ይከዳኛል። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ያ የመጽሐፍ ሥራ የቀረብህ በሥዕልህ ምክንያት አይደለም። በእኔ ምክንያት ነው።

ድረ ገጹን ስሠራልህ እንዴት እንደተኩራራሁ አትረሳውም። አሥራ አምስት ዓመት ለማስታወቂያ የሣልከውን ሁሉ፣ ሳሙናውን፣ ብስኩቱን፣ ያንን ጥርሳም ፀሐይ ሳይቀር፣ መቶ አርባ ሥዕል አጨቅኩበት። ሙዚቃ ጨመርኩ። ገጹ ሲከፈት ቀለም እንዲረጭ አደረግኩ። ስለ አንተም «የረጅም ጊዜ ልምድ ያካበተ ዘርፈ ብዙ ባለሙያ» ብዬ ጻፍኩ። አንብበህ፣ «ይሄ ሰውዬ ማነው? ባገኘው እኔም እቀጥረው ነበር» አልከኝ። ሳቅኩ። ቀልዱ ውስጥ ቅሬታ እንደነበረ አልገባኝም። ቀጥለህ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እኔ የልጆች መጽሐፍ መሣል ነው የምፈልገው፤ ይሄን ያየ ሰው ግን ብስኩት ነው የሚያሠራኝ» ስትል፣ «ሥራዬን አታስተምረኝ» ብዬ አፍ አፍህን አልኩህ።

ከዚያ በመጽሐፍ ዐውደ ርዕዩ ላይ ለዚያች የልጆች መጽሐፍ አርታኢ የድረ ገጹን አድራሻ በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ ሰጠሃት። ስልክህን አልጻፍክም፤ «ሁሉም ነገር ድረ ገጹ ላይ አለ» ብዬህ ነበርና። ጠበቅክ። ስልክህን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዘህ እየገባህ ጠበቅክ። በሁለተኛው ወር ብሩሾችህን በጋዜጣ ጠቅልለህ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥክና፣ «አይተውት ነው የተዉት። ልክን ማወቅም አንድ ነገር ነው» አልክ። የቤት ቀለም መሸጫ ተቀጥረህ አሁን ወዳለህበት ከተማ ስትሄድ መናኸሪያው ላይ «ያው ከቀለም አልራቅኩም» ብለህ አሳቅከኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ግን ፊትህን ወደ መስኮቱ አላዞርክም።

አንተ በሄድክ በአራተኛው ወር አርታኢዋ እኛ ቢሮ መጣች፤ ለአሳታሚ ድርጅታቸው ድረ ገጽ ልታሠራ። «ምን ዓይነት እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«አንድ ሠዓሊ የሰጠኝ ዓይነት እንዳይሆን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም» ብላ ሳቀች። «ስልኬ ላይ ሲሽከረከር፣ ሲሽከረከር ቆይቶ ስብሰባ መሐል ሙዚቃው አምባረቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብስኩት በብስኩት ነው። አንድ ጥግ ላይ ግን ጫማዋን የምታስር ልጅ ነበረች፣ ሆዴን በላችው። ልደውልለት ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ ቁጥር የለም! ስሙን እንኳ አጣሁት።»

ወንድሜ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስምህን በዚያ በሚረጨው ቀለም ሥር የቀበርኩት፣ ስልክህንም «በኋላ አስገባዋለሁ» ብዬ የረሳሁት እኔ ነኝ። ለእሷ «የሠራሁት እኔ ነኝ» አላልኳት። ለአንተም አልነገርኩህም። ስድስት ወር ሙሉ አፌን ለጉሜ ተቀመጥኩ። ስትደውል «እጄ ድሮም ለዚህ አልተፈጠረም» ትለኛለህ፤ እኔ እውነቱን እያወቅኩ «አይዞህ» እልሃለሁ። ድረ ገጹን ማበላሸቴ ስህተት ነው። ያ «አይዞህ» ግን በደል ነው።

ባለፈው ወር እማዬ ከአልጋዋ ሥር አንድ የካርቶን ሣጥን ጎትታ አወጣች። የዛሬ ሦስት ዓመት አንደበቷ የተያዘ ጊዜ የሣልክላት ካርዶች ናቸው። ውሃ። መስኮቱን ክፈቱ። እግሬን አሞኛል። ብቻዬን ተዉኝ። በጣቷ እየነካች የምታናግረን በእነሱ ነበር። ትራሱን ስትሥል አላውቀው ብላህ አራት ጊዜ ነበር የቀያየርከው። በአራተኛው፣ ጭንቅላት ያረፈበት ጎድጓዳ ያለውን ትራስ ስታሳያት፣ ወዲያው ነካችው። ያን ቀን ኮሪደር ወጥተህ አለቀስክ። ሳላይህ የቀረሁ መስሎህ ይሆናል።

«እማ፣ እነዚህን ሰው ቢያያቸው ቅር ይልሻል?» አልኳት።

አሁን ቃላቱ ቀስ እያሉ ይመጡላታል። «ለ… ለምን ተደበቁ?» አለች።

ሥዕሎችህን በሙሉ አትሜ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁላት። በደህናው እጇ እየገፋች አሥራ ሁለት አስቀረች። የሳሙናውን ወደ መሬት ስትጥለው፣ «እማ፣ እሱ እኮ ሽልማት ያገኘ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«የ… የሱ አይደለም» አለች። ምን ልበል? እናት ልጇን ታውቃለች።

ሙዚቃውን አጠፋሁ፣ የሚረጨውን ቀለም ጠረግኩት። አሁን ገጹ ሲከፈት ስምህ ይታያል፤ ከሥሩ «ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እሥላለሁ»፤ ከዚያ ስልክህ። በየሥዕሉ ግርጌ ለማን እንደሣልከውና ምን እንዲናገር እንደፈለግክ አንድ አንድ መስመር ጻፍኩ። የእማዬን ካርዶችም አስገባሁ፤ የትራሱን አራት ሙከራዎች በተርታ አስቀመጥኳቸው፣ እንዴት እንደምታስብ ሰው ይይ ብዬ። ከዚያ የጎረቤታችንን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ተውሼ ሞከርኩት። ሳልተነፍስ ተከፈተ።

ለሕዝብ ግን አልለቀቅኩትም። ለአርታኢዋ ብቻ፣ ቢሮዋ ድረስ ይዤላት ሄድኩ። «ያንን የሚያምባርቀውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሠዓሊው ወንድሜ ነው» አልኳት።

«አንቺ ነሽ?!» አለች። ከዚያ ገጹን በጣቷ እየገፋች ወደ ታች ማየት ጀመረች። ትራሱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «መናገር ስላቆመች ልጅ የሚተርክ መጽሐፍ አለኝ» አለች። «አንድም ቃል የለበትም፤ በሥዕል ብቻ ነው የሚነገረው። ሁለት ሠዓሊዎች ሞክረው አልሆነላቸውም፤ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ነው የሚያመጡልኝ። ይሄ ሰው ግን ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።»

«ልንገረው?»

«ንገሪው። ግን እሱ ራሱ ይደውልልኝ። የሚፈልገው እሱ ይሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ።»

ልክ ናት። እስከ ዛሬ የምትፈልገውን የወሰንኩልህ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በአንተ ስም አንዲትም ቃል አልሰጠኋትም። ካርዶቹም የእማዬና የአንተ ናቸው። እሷ ፈቅዳለች፤ አንተ «ከገጹ ላይ አንሻቸው» ካልክ ዛሬውኑ አነሳቸዋለሁ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅህም።

የአርታኢዋን ቁጥር ከዚህ ደብዳቤ ጀርባ ጽፌልሃለሁ፤ ሁለቴ አመሳክሬዋለሁ። ልትቆጣኝ መብትህ ነው፣ ተቆጣኝ። መጀመሪያ ግን ለእሷ ደውል። እኔ የትም አልሄድብህም።

የበደለችህና የምትወድህ
ታናሽ እህትህ