በታብሌቴ ላይ ለፈረድሽው

ዳኛዬ፣

ሥራ ገብቻለሁ። ምሳሽ ፍሪጅ ውስጥ አለ፣ አሙቀሽ ብዪ።

ትናንት በእህቴ ፊት ስለጮኽኩብሽ ይቅርታ።
ግን አዲሱን ታብሌቴን እንደዚያ ስታብጠለጥዪው አንጀቴ አርሮ ነው።

“ድንጋይ ነው” ያልሽው እውነት ነው። የልብስ ንድፍ ስስልበት እጄ ይዝላል፤ አልክድም።
“ቻርጅ አይዝም” ብለሽ አፍሽን ሞልተሽ መናገርሽ ግን ግፍ ነው። ማታ ሞልቼው እተኛለሁ፣ ጠዋት ባዶውን አገኘዋለሁ። ዛሬ ቻርጅ ሰክቼ ስከፍተው ጉዱ ወጣ፤ ያ ሌሊት ሌሊት የምትከታተዪው ድራማ አንድ ክፍል ሲቀረው ቆሞ ጠበቀኝ።

ታብሌቱን ይዤው ሄጃለሁ፤ ከእንግዲህም አብሮኝ ይወጣል። ስለ ድራማው አትጨነቂ፣ ቁርሴን እየበላሁ የመጨረሻውን ክፍል አይቼልሻለሁ።

ገዳዩ ያ የምትሳሺለት ሐኪም ነው።