ጠማማው ሽርጥ

እታለም፣

ሥራ አገኘሁ!!! እኔ! ፀጉር ቤት፣ አጣቢ! ትናንት ልነግርሽ ስል ወደ ግድግዳው ዞርሽብኝ፤ ይኸው በወረቀት።

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው። እንደ ትናንቱ ሳይነካ እንዳላገኘው!

የፀጉር ቤቱ ባለቤት «ሽርጥ ይዘሽ ነይ» ስላለችኝ የስፌት መኪናሽን ገለጥኩት። አትቆጪ። ፋብሪካው ካሰናበታችሁ ጀምሮ አራት ወር ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል፣ ልክ እንዳንቺ። አንድ ሽርጥ ሰፋሁ፤ ጠማማ ሆነ! ብታዪው በሳቅ ትሞቻለሽ።

ማለቴ፣ በፊት ቢሆን።

ከትምህርት ቤት ከደወሉ «አሟታል» በያቸው። «ዓይኔ እስኪጠፋ ሰፍቼ አስተምርሻለሁ» ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ምንም ቃል አልገባሁም።

«ሥራ ያጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?» ያልኩሽን ግን እርሺው። አፌ ነው፣ ታውቂው የለ።

ሁለተኛውን ሽርጥ ቆርጬ መኪናው ላይ ትቼልሻለሁ፤ ክሩንም መርፌው ውስጥ አስገብቻለሁ። አንድ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ፣ በናትሽ! እሱም ካቃተሽ ተነስተሽ መጋረጃውን ክፈቺው። ስመለስ ገና ከመንገዱ ማዶ ቀና ብዬ የማየው እሱን ነው።

እንደተዘጋ ካገኘሁት ነገም ጠማማውን ለብሼ እሄዳለሁ። ምን አባቴ ላድርግ!

በረርኩ!