ጥፋቱ የማዳመጫው አይደለም

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ታቃስቻለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ ትልቁ ፈተናውን ጨረሰ? ባለቤትሽንም ሰላም በይልኝ፤ ባለፈው ስልኩን ሳላናግረው የዘጋሁት በክፋት አይደለም፣ ቃል አልወጣ ብሎኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደምታውቂኝ ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ፣ ስነሳ ግን ሳልተኛ የነጋብኝ ይመስለኛል።

አባባም ደህና ነው። ስፌቱን ሐሙስ ዕለት አወጡለት። ሐኪሙ የዳሌ አጥንት በዚህ ዕድሜ እንዲህ መግጠሙ ያስመሰግናል አለ። አሁን በምርኩዝ ከአልጋው እስከ መስኮቱ ይሄዳል፤ ስድስት እርምጃ ናት፣ አራተኛዋ ላይ ቆም ብሎ መንገዱን የሚያይ መስሎ ይተነፍሳል። እኔም ያላየሁ መስዬ አልጋውን አነጥፋለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ "ጆሮሽን ድፈኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ የአባቴን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ" ያልሽው ላይ ስደርስ ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ሥራሽን ለቀሽ ልትመጪ እንደሆነ፣ ማመልከቻውንም በወሩ መጨረሻ እንደምታስገቢ ጽፈሻል። አሥራ ስምንት ዓመት የለፋሽበትን ቦታ። ይህ ደብዳቤ ከዚያ በፊት እንዲደርስሽ ብዬ ነው ሥራዬን አቁሜ የምጽፈው። በስልክ እንዳልነግርሽ ቤቱ ሰፊ አይደለም፣ አባባም ይሰማል። ደግሞ በስልክ አፌ አይታዘዘኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ሥራዬን መቼም ታውቂዋለሽ። ሰዎች ተሰብስበው ያወሩትን ቀድተው ይልኩልኛል፤ እኔ እየሰማሁ በኮምፒውተር እጽፈዋለሁ። የአንድ ሰዓት ወሬ አራት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በቀን ስምንት፣ አንዳንዴም አሥር ሰዓት ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ። የድሮው ማዳመጫዬ ትንንሽ ስፖንጁን ጆሮዬ ላይ ለጥፎ የሚውል ነበር፤ እስከ ምሳ ይቻላል፣ ከምሳ በኋላ ግን ጆሮዬ አስተማሪ እንደ ቆነጠጠው ይቀላል። ለዚያውም ምንም አያግድም። ሊቀመንበሩ "ወደ ሁለተኛው አጀንዳ እንለፍ" ሲል አባባ ከወዲያ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ይላል። አንድ ጊዜ "ስንት ሰዓት ሆነ" የሚለውን ቃለ ጉባኤው ውስጥ ጽፌው፣ የምንጽፈውን የምታየው አራሚያችን "ማን ነው የጠየቀው?" ብላ ጽፋልኛለች።

አባባንም ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት የማተሚያ ቤት ፎርማን ሆኖ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነውም ማሽኑ አሁንም የሚዞር ይመስለዋል። አንድ ቀን ቆጠርኩት፤ መቁጠሬ ራሱ ያሳፍረኛል። እስከ ምሳ ድረስ ሠላሳ አራት ጊዜ ጠራኝ። መነጽሬ የት ሄደ፤ ዓይኑ ላይ ነው። በሩን ማን አንኳኳ፤ ማንም። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ይምጣ። እንዲህ ስል ክፉ ልጅ ሳልመስልሽ አልቀርም። የሚፈልገው መነጽሩን ሳይሆን ሰው እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ማወቅ ግን ድካምን አያስቀርም፣ እታለም።

ያኔ ነው በስልክ ያለቀስኩብሽ። አንቺም ቢሮሽ ያሉት ልጆች የሚያደርጉትን ዓይነት፣ ጆሮን ሙሉ የሚያቅፈውን ድፍኑን ግዢ፣ ቢያንስ አንገትሽና ጆሮሽ ይረፍ አልሽኝ። ምክርሽ ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነው።

ባለ ሱቁ ሬዲዮ ሲጠግን ያረጀ ሰው ነው፤ ከመሸጥ ማስተማር የሚወድ። በቀን ስንት ሰዓት እንደማደርገው፣ መነጽር ማድረጌን፣ ሌላው ቀርቶ ጆሮዬ ትልቅ ነው ትንሽ ሳይቀር አይቶ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ አለ፤ ያ አየር ስለሚያስገባ ጆሮ አያልብም፣ ነገር ግን የውጭውን ድምፅ ወደ ውስጥ የውስጡንም ወደ ውጭ ያሾልካል፤ የሰው ምስጢር ለምትሰማ አይሆንም አለኝ። ከድፍኖቹ ሦስት አወረደልኝ። የመጀመሪያው ቆዳ የለበሰ፣ ሲያዩት የሚያምር ነበር፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግን ጆሮዬ በላብ ራሰ። ሁለተኛው ጭንቅላቴን እንደ ሞርሳ ያዘኝ። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ትራሱ ወፍራም ሆኖ ጨርቅ የለበሰ፣ ጆሮ ምንም ሳይነካው መሐሉ ቁጭ የሚልበት። ባለ ሱቁ ወንበር ሳበልኝና "ይህን ነገርና ጫማን ለክቶ ወዲያው መግዛት የለም። አድርጊውና ተቀመጪ፤ መኖሩን ከረሳሽው ያንቺ ነው" አለኝ።

ተቀመጥኩ። ምንም ድምፅ አልከፈተልኝም። የመንገዱ ጫጫታ አልጠፋም፣ ግን ሌላ ሰፈር የሚሰማ መሰለ። እታለም፣ በሰው ሱቅ መሐል እንቅልፍ ወሰደኝ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሲቀሰቅሰኝ አንድ ደንበኛ ቆሞ ያየኛል፤ ባለ ሱቁ እየሳቀ ካርቶኑን ማሸግ ጀምሯል።

አባባ ገና ሲያየው ምን አለ መሰለሽ? "ጆሮ ዳባ ልበስም በሱቅ መሸጥ ጀመረ?" አለኝ። በጣም ሳቅን። ራሱም ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ መስታወት ፊት ቆመና የአውሮፕላን አብራሪ መስያለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት ሰው ሆኜ ሰነበትኩ። ድምፁ ክፍት ሲሆን የእውነትም አልሰማውም ነበር፤ ሲጠራኝ ውሎ ሲያቅተው በመሐላችን ያለውን መጋረጃ ገልጦ እጁን ያውለበልብልኛል። በየሰዓቱ እየተነሳሁ አየው ነበር። ምሽት ላይ አንገቴን ሳላሽ እራት አቀርብ ጀመር። ይህን ሁሉ የምነግርሽ የመከርሽኝ ለጥፋት እንዳልነበረ እንድታውቂው ነው።

አባባ ስለወደቀበት ማክሰኞ ለሁላችሁም የነገርኳችሁ አንድ ዓይነት ነው። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ድምፁ ክፍት ነበር፣ እሱ ቁም ሣጥን ላይ ያለውን የአሮጌ ፎቶ ካርቶን ላውርድ ብሎ ወንበር ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ ጠራኝ፣ አልሰማሁም። ስጨርስ ሄጄ አገኘሁት። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና ዘመናዊ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው አለ። ባለቤትሽም ያን ነገር ጣይው አለኝ። አንቺም ጥፋቱን ከማዳመጫው ወስደሽ ራስሽ ላይ ጫንሽው። ከእኔ በቀር ሁሉም ድርሻ ደረሰው።

አባባን ያገኘሁት መሬት ላይ፣ ጀርባውን ለአልጋው እግር ሰጥቶ ነው። ፎቶዎቹ ዙሪያውን ተበትነዋል። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል፣ ከንፈሩን ነክሷል። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ።

"ያ ነገር ጆሮሽ ላይ ነበር" አለኝ። "አልሰማሽኝም።"

አልጠየቀኝም፣ እታለም። ነገረኝ። እኔም አዎ አልኩት። ለሐኪሙም፣ ለአንቺም በስልክ ያችኑ ደገማት፤ አንዲት ቃል አልጨመረባትም።

አሁን ስለ ሥራዬ የማታውቂውን ላስረዳሽ። ድምፁን የማስኬደው በእግሬ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የልብስ ስፌት መኪና መርገጫ የመሰለ ነገር አለ፤ ስረግጠው ይናገራል፣ እግሬን ሳነሳ ይቆማል። የሰው ምስጢር ስለሆነም ፋይሉን ሳንዘጋ ከወንበር መነሳት አይፈቀድልንም፤ እሳት ቢነሳ እንኳ ዘግቼ የምነሳ ይመስለኛል፣ እንዲያ ነው እጃችን የለመደው። መቼ እንደቆመና መቼ እንደተዘጋ ደግሞ ኮምፒውተሩ ይመዘግባል። አራሚያችን ዓርብ ዓርብ ታየዋለች።

የዚያን ሳምንት ዓርብ ጻፈችልኝ። ማክሰኞ ድምፁ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ቆሞ ፋይሉ የተዘጋው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሰባት ነው፣ መሐሉ ባዶ ነው፣ አሞሽ ነበር ወይ ትላለች። ደግ ሴት ናት፣ ለመቆጣጠር ብላ አይደለም። አባቴ ወድቆብኝ ነው ብዬ መለስኩላት። እግዜር ይማርልሽ፣ እንኳን አጠገቡ ሆንሽ አለችኝ።

የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ አንድ የሕንፃ ማኅበር ደረጃው ምን ቀለም ይቀባ በሚል ሲጣላ ስጽፍ ነው የዋልኩት። አሥራ አራት ሰው፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ሲሆን እግሬን አነሳሁ። ማዳመጫውን ግን አላወለቅኩትም። ዓይኔን ጨፈንኩ። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ማንም ምንም የማይለኝ አምስት ደቂቃ ብዬ ነው። አባባን ብቻዬን መጠበቅ ከጀመርኩ ከሁለት ዓመት ወዲህ ለራሴ የጠየቅሁት ይህንን ብቻ ይመስለኛል። ከዚያ አባባ የወጣበት ወንበር ሲወድቅ ቤቱ ነዘረ።

ባለ ሱቁ ሲያሽግልኝ የነገረኝን ደግሞ ለማንም አላወራሁም። መነጽር የምታደርጊ ስለሆንሽ ትራሱ ከመነጽርሽ ዘንግ ጋር ክፍተት ይፈጥራል፣ ድምፅ ካልከፈትሽበት ከጎረቤትሽ አይጋርድሽም ነበር ያለኝ። አባባ ጎረቤት እንኳ አይደለም፤ በመሐላችን ያለው መጋረጃ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ሰውነቴ ግን ከወንበሬ አልነሳ አለኝ። ላስመስል ወይም ልከላከል አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ነው። እንደ ሰነፍ ልጅ፣ አንዲት ጊዜ ደግሞ ይጥራና እነሳለሁ እያልኩ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ እባክሽ፣ በሞቴ፣ ማመልከቻውን አታስገቢ። ባልሠራሽው ጥፋት ሥራሽን ብትለቂ ሁለተኛ ሰው ጎዳሁ ማለት ነው፣ ያን አልችልም። መምጣቱን ግን ነይ። ፈቃድ ወስደሽ ለአንድ ወር፣ ካልሆነም ለሁለት ሳምንት ነይ። ማዳመጫው ስለሠራው ነገር ብለሽ ሳይሆን እህቴ ደክሟታል ብለሽ ነይ። ይህን ቃል ቀደም ብዬ ብጽፍልሽ ኖሮ አባባ ዛሬ በሁለት እግሩ ይቆም ነበር። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ስል ከረምኩ። አንቺም አመንሽኝ፣ ምን ታደርጊ።

አሁን አባባ አይጠራኝም። ውኃ ሲፈልግ እስክገባ ይጠብቃል፤ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ሰዓት ይቀመጣል። ጥራኝ እንጂ ምን ሆነሃል ስለው ሥራሽን ሥሪ ይለኛል፣ ያለ ቂም፣ ፈገግ ብሎ። አንጀቴን ይበላዋል። ማዳመጫውን ካወለቅኩት ቆየሁ፤ ያን አሮጌውን አድርጌ ጆሮዬ እየቀላ እሠራለሁ፣ በየመሐሉም እግሬን አንስቼ አዳምጣለሁ። ቤቱ ጭጭ ነው።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን አንብቢው፤ ለባለቤትሽ መንገሩን ላንቺ እተወዋለሁ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ብትቆጪም ተቆጪኝ፣ ብቻ መልስ አትንፈጊኝ።

አንዲት ነገር ቀርታኛለች፤ እሷን ካልጻፍኩ ሌላውን ሁሉ በከንቱ ነው የጻፍኩት። አባባ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ተናግሯል። ይህን እሱ አልነገረኝም፣ እኔም ጠይቄው አላውቅም። የመጀመሪያው በስሜ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው ጮኾ። ሁለተኛውም በስሜ ነው፤ ያኛው ግን ጥሪ ሳይሆን ልመና ነበር። ከዚያ ለረጅም ጊዜ፣ ፎቶዎቹን ሲሰበስብ መሰለኝ፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ሦስተኛው ለእኔ አልነበረም። ለራሱ ነው የተናገረው፤ "ተዋት፣ ደክሟታል" አለ።

ታናሽ እህትሽ